ሃርድ ዲስኩ ሲያንኳኳ

ሰው በራችንን ሲያንኳኳ «ማነው?» እንላለን። ሃርድ ዲስክ ሲያንኳኳ ግን ሙዚቃውን ከፍ አድርገን ሥራችንን እንቀጥላለን። ላፕቶፑ «ጠቅ… ጠቅ… ጠቅ…» ይላል፤ ባለቤቱ በመዳፉ መታ መታ ያደርገዋል፤ ድምፁ ለጊዜው ይጠፋል፤ «ተሻለው!» ተብሎ ወደ ጨዋታ ይዞራል። ከሳምንት በኋላ ለቅሶ እንደርሳለን። «የመመረቂያ ጽሑፌ!» የሚል አለ፤ «የሠርጌ ቪዲዮ!» የምትል አለች፤ «የአባቴ ፎቶ እኮ እዚያ ውስጥ ብቻ ነበር» ብሎ ዝም የሚልም አለ። ለዚህ ለሦስተኛው ምን ብለን እንደምናጽናናው ይቸግረናል።

ወገን፣ ሃርድ ዲስክ ብዙውን ጊዜ ጨዋ ዕቃ ነው፤ ሳይሰናበት አይሄድም። እኛ ግን ስንብቱን የምንሰማበት ጆሮ የለንም። ሰምተን እንኳ ማድረግ ያለብንን ትተን ማድረግ የሌለብንን እናደርጋለን። ስለዚህ ዛሬ ፖለቲካውንም ኳሱንም ትንሽ ገለል አድርገን ስለዚህ ስንብት እናውጋ። ጨዋታው ደረቅ የኮምፒውተር ትምህርት እንዳይመስላችሁ፤ ነገሩን ያነሳንበት የራሱ ምክንያት አለው። ምክንያቱ ደግሞ ያለው ደባርቅ ነው።

ከጊች የወረደ ዲስክ

ደባርቅ ላይ አንድ ወዳጅ አለን። ተወልዶ ያደገው ጊች ነው፤ ሥራው አስጎብኚነት። የሰሜን ተራሮችን በእግሩ የረገጠ ሁሉ ጊችን ያውቃታል። ከደባርቅ ተነስቶ፣ ሳንካበርን አልፎ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ የተንጣለለ ሜዳ ነው፤ ጓሳ የለበሰ፣ ጅብራ ዘብ የቆመበት። ጠዋት ጠዋት ጭላዳው ከገደሉ እየወጣ ሳር ሲነጭ ይውላል። ከዚያ ትንሽ ገፋ ሲሉ 3,926 ሜትር የሚረዝመው እሜት ጎጎ አለ፤ ጫፉ ላይ ቆሞ ቁልቁል ያየ ሰው ጉልበቱ ይከዳዋል።

ጊች ግን መልክዓ ምድር ብቻ አልነበረችም፤ መንደርም ነበረች። ገብስ የሚዘራባት፣ ከብት የሚነዳባት፣ ሠርግ የሚደገስባት መንደር። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ከሰፈሩት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ደግሞ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ገባ። ዋልያው ተመናመነ፣ እርሻውና ግጦሹ ፓርኩን ተጫነው ተባለ። በ2008 ዓ.ም. ከ400 በላይ የጊች ቤተሰቦች ከተራራው ወርደው ደባርቅ ሰፈሩ። በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2017፣ ፓርኩ ከአደጋው ዝርዝር ወጣ። ተራራው ዳነ። መንደሩ ደግሞ ፎቶ ሆነ።

ፎቶው ታዲያ የት ነው ያለው? ወዳጃችን እጅ ባለች አንዲት የ1 ቴራባይት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ውስጥ! ቱሪስት ይዞ ሲወጣ ሲወርድ፣ ካሜራ ያለውን እንግዳ ሁሉ «እባክህ ከመንደራችን ያነሳኸውን ለእኔም ገልብጥልኝ» እያለ ለዓመታት ያጠራቀመው ነው። የገብስ ውቂያው፣ የዒድ ቀን ልብሳቸውን የለበሱ ሕፃናት፣ ጭስ የሚወጣባቸው የሳር ጎጆዎች፣ የእህቱ ሠርግ። ያኔ ታዝሎ የወረደ ሕፃን ዛሬ ደባርቅ ላይ ደብተር ይዞ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ ነው፤ የወላጆቹን መንደር የሚያውቀው በወሬ ነው። እንግዲህ የዚያች ዲስክ ዋጋ ስንት እንደሆነ ገምቱት።

አንድ ቀን ይህ ወዳጃችን ዲስኩን በጋቢ ጠቅልሎ፣ የታመመ ልጅ ሐኪም ቤት እንደሚወስድ ሰው አቅፎ መጣ። «ድምፅ ያሰማል» አለን። ሰካነው። ጠቅ… ጠቅ… ጠቅ…

ወዲያው ነቀልነው።

ሳህኑና ራሱ

ለምን እንደነቀልነው ለመግባባት ውስጡን እንየው። ሃርድ ዲስክ ከአያቶቻችን የሸክላ ማጫወቻ ጋር ይመሳሰላል። እንደ መስታወት የተወለወሉ ክብ ሳህኖች አሉት፤ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ ይሽከረከራሉ። ከላያቸው በቀጭን ክንድ ጫፍ ላይ የተሰካ ማንበቢያ ራስ አለ። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ የሸክላው መርፌ ሸክላውን ይነካል፣ የሃርድ ዲስኩ ራስ ግን ፈጽሞ መንካት የለበትም። ሳህኑ ሲሽከረከር የሚፈጠረው ነፋስ ተሸክሞት ይንሳፈፋል። የሚንሳፈፍበት ከፍታ በዛሬዎቹ ዲስኮች ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ናኖሜትር እንደሚለካ አስቡት። ለዚህ ራስ አንዲት የአቧራ ቅንጣት ራስ ዳሸን ናት።

እና «ጠቅ ጠቅ» ምንድን ነው? ራሱ በሳህኑ ላይ የሚፈልገውን ምልክት አጥቶ ወደ መነሻው ሲመለስ፣ እንደገና ሞክሮ እንደገና ሲመለስ የሚሰማ ድምፅ ነው። በጨለማ ክፍል ውስጥ ግድግዳውን እየዳበሰ በሩን የሚፈልግ ሰው በሉት። በእያንዳንዱ ሙከራ ራሱ ሳህኑን የመንካት ዕድል አለው። ከነካው ደግሞ ይፍቃል፤ የፋቀው ብናኝ ሌላውን ያስፍቃል። ለዚህ ነው «እስቲ አንዴ ደግመን እንየው» እያልን በሰካን በነቀልን ቁጥር ዲስኩን የምንገድለው።

አሁን ወደ ጊች እንመለስ፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ አገራችን የራሷ የሆነ ጣጣ አላት። ራሱን የሚሸከመው አየር ነው ብለናል። አየሩ ሲሳሳስ? የብዙዎቹን ተራ ሃርድ ዲስኮች የአምራች መግለጫ ብታነቡ «በሥራ ላይ እያለ እስከ 3,048 ሜትር ከፍታ» የሚል መስመር ታገኛላችሁ፤ ፈረንጆቹ በጫማ ሲለኩት 10,000 ጫማ መሆኑ ነው። አብዛኛው ዓለም ይህን መስመር አያነበውም፤ ማን እዚያ ላይ ኮምፒውተር ይከፍታል? ደባርቅ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ለጥቂት ተርፋለች። ሳንካበር 3,250፣ ጊች 3,600፣ ጭነቅ 3,620 ሜትር ናቸው፤ ሦስቱም ከመስመሩ በላይ። ጊች ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሲሶ ገደማ ያንሳል። ራሱ ዝቅ ብሎ ይንሳፈፋል፤ ለሳህኑም ይበልጥ ይቀርባል።

ወዳጃችን ደግሞ ለዓመታት ምን ሲያደርግ ነበር? ማታ ማታ ጊች ካምፕ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ፣ ውጪው በረዶ ሲሆን፣ የቱሪስቶቹን የካሜራ ካርድ ወደዚያ ዲስክ ይገለብጥ ነበር። ጠዋት በበቅሎ ጭኖ ያወርደዋል። ልብ በሉ፤ ጠፍቶ መጓዙ አይደለም ችግሩ። የጠፋ ዲስክ ራሱ ከሳህኑ ላይ ተነስቶ ማረፊያው ላይ ስለሚቀመጥ፣ ካልወደቀ በቀር በቅሎውንም አውሮፕላኑንም ይችላል። ጣጣው ከፍታው ላይ መሥራቱ ነው። ከብርድ ገብቶ ወዲያው ምድጃ ያለበት ሙቅ ክፍል ውስጥ መከፈቱም ሌላ ጣጣ ነው፤ መነጽር እንደሚያልበው ዲስክም ያልበዋል። ከተራራ ለሚወርድ ዲስክ መድኃኒቱ ትዕግሥት ነው፤ በቦርሳው እንዳለ አንድ ሁለት ሰዓት ክፍሉን ይልመድ፣ ከዚያ ይሰካ።

ተራራ ላይ ለምትሠሩ፦ የሚሽከረከር ነገር የሌለውን ኤስኤስዲ ያዙ። ከፍታውም መናወጡም ብዙ አይነካውም። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በሂሊየም ተሞልተው የታሸጉ ሃርድ ዲስኮችም ለገበያ ቀርበዋል፤ የራሳቸውን አየር ይዘው ስለሚዞሩ የውጪው አየር መሳሳት አያስጨንቃቸውም፤ ግን ለትልልቅ የመረጃ ማዕከላት እንጂ ለበቅሎ የተሠሩ አይደሉም። ኤስኤስዲም የራሱ ክፋት አለው፤ ሲሞት አያንኳኳም። ማታ ደህና እደር ብላችሁት ጠዋት የለም።

ሌሎቹ ምልክቶች

ሁሉም ዲስክ በድምፅ አይሰናበትም። ቀድሞ አንድ ፎልደር ለመክፈት ሰከንድ የሚፈጅበት ኮምፒውተር ቡና እስኪፈላ ካስጠበቃችሁ፣ ኮፒ ስታደርጉ ሁሌም እዚያችው ፋይል ላይ ሲደርስ ከቆመ፣ የፋይሎች ስም ወደማይነበብ ምልክት ከተቀየረ፣ ዲስኩ ብቅ ጥልቅ ካለ፣ ወይም ዊንዶውስ ከመሬት ተነስቶ «ይህን ዲስክ ከመጠቀምህ በፊት ፎርማት አድርገው» ካላችሁ ጆሯችሁን አቁሙ። ለዚያ ጥያቄ መልሱ ሁልጊዜም «አይሆንም» ነው።

ደግሞም በሽታ ሁሉ አንድ አይደለም፤ ከማልቀስ በፊት መለየት ያስፈልጋል። ፎልደሮቻችሁ ሁሉ ወደ አቋራጭ ምልክት ከተቀየሩና የዲስኩ ፍጥነት ግን ደህና ከሆነ፣ ያ በየፎቶ ቤቱና በየፊልም ማስጫኛው በፍላሽ የሚዛመተው የሾርትከት ቫይረስ ነው፤ ፋይሎቹ ተደብቀው እንጂ ጠፍተው አይደለም። ኤክስተርናል ዲስክ ደግሞ ኤሌክትሪኩን የሚያገኘው ከዩኤስቢው ነው፤ ገመዱ ካረጀ ወይም ቀዳዳው ከደከመ ጤነኛው ዲስክም በረሃብ ጠቅ ጠቅ ይላል። ስለዚህ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በአጭርና በደህና ገመድ ሌላ ቀዳዳ ላይ ሞክሩት። ጥፋቱ የገመዱ ከሆነ እሰየው።

ዲስኩ በተነሳበት ጊዜ ጤንነቱን የሚነግሩ ነፃ ፕሮግራሞችም አሉ፤ ዊንዶውስ ላይ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ይበቃል። ሃርድ ዲስክ ስማርት የሚባል የራሱ የሕመም ማስታወሻ አለው። ሦስት ቁጥሮችን እዩ፦ ተበላሽተው በሌላ የተተኩ ሴክተሮች፣ አልነበብ ብለው ፍርድ የሚጠብቁ ሴክተሮች፣ ጭራሽ የማይነበቡ ሴክተሮች። ሦስቱም ዜሮ ቢሆኑ ነው የሚፈለገው።

እነዚህ ቁጥሮች ቀልድ አይደሉም። የጉግል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ከ100,000 በላይ ዲስኮችን ተከታትለው ባወጡት ጥናት፣ በፍተሻ የመጀመሪያውን ስህተት ያሳየ ዲስክ ምንም ስህተት ካላሳየው ይልቅ በቀጣዮቹ 60 ቀናት ውስጥ የመሞት ዕድሉ 39 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። ግን ተረጋግታችሁ እንዳትቀመጡ፤ በዚያው ጥናት ከሞቱት ዲስኮች ከ36 በመቶ በላይ የሚሆኑት፣ ሙቀትን ትተን፣ አንድም የስማርት ምልክት ሳያሳዩ ነው የሄዱት። ማስታወሻው «ታሟል» ካለ እመኑት፤ «ጤነኛ ነው» ካለ ግን አትመኑት።

ያቺ የደባርቅ ሌሊት

የወዳጃችንን ዲስክ በአጭር ገመድ ስንሰካው ጠቅታው ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ከብዙ ጥበቃ በኋላ ተነሳ። ስማርቱን አየን፤ ቢጫ ሆኗል፤ ፍርድ የሚጠብቁት ሴክተሮች በመቶዎች ይቆጠራሉ። ወዳጃችን «ፎቶዎቹን ብቻ አንዴ ልያቸው?» አለ። «ዛሬ አይሆንም» አልነው። ከባድ ነው፤ ግን የሚሞት ዲስክ የቀረው ትንፋሽ ቁጥር አለው፤ ትንፋሹ ለማየት ሳይሆን ለመገልበጥ ይዋል።

አካሄዱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ከታመመው የሚበልጥ ባዶና ጤነኛ ዲስክ አዘጋጁ። ከዚያ በዊንዶውስ ኮፒ ፔስት አይደለም! ዊንዶውስ መጥፎ ቦታ ሲያጋጥመው እዚያው ላይ ቆሞ ይጨቀጭቃል፤ የታመመውን ራስ አንዱ ቁስል ላይ ደጋግሞ ያስኬደዋል። እኛ ሊኑክስ ከተጫነበት ፍላሽ ኮምፒውተሩን አስነስተን ዲዲረስኪው የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ተጠቀምን። ይህ ፕሮግራም ብልህ አራሚ ገበሬ ነው፤ መጀመሪያ ደህናውን ማሳ ሁሉ ያጭዳል፣ ድንጋያማውን ይዘለዋል፣ ሁሉንም ከጨረሰ በኋላ ወደ ድንጋዩ ተመልሶ የሚለቀመውን ይለቅማል። የቱ ተነበበ፣ የቱ ቀረ የሚለውን በካርታ ፋይል ላይ ይመዘግባል። ካርታውን አደራ፣ ከታመመው ዲስክ ሌላ ቦታ አስቀምጡት።

የካርታው ጥቅም ለእኛ አገር የተፈጠረ ይመስላል። እኩለ ሌሊት ሊሆን ሲል መብራት ሄደ! የላፕቶፑ ባትሪ ሁለቱንም ዲስኮች ተሸክሞ ትንሽ ከተጓዘ በኋላ ሊያልቅ ሲል ፕሮግራሙን በሥርዓት አቆምነው። መብራት ሲመለስ ካቆመበት ቀጠለ። ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ቢሆን ኖሮ በመሀል መሬት ላይ ይዘረጋ ነበር። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሥራ ደህና ባትሪ ባለው ላፕቶፕ ወይም በዩፒኤስ ሥሩት። ዲስኩ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ይቀመጥ፣ ማንም አይንካው፣ ጋቢውም ከላዩ ይነሳ፤ የሚሠራ ዲስክ ብርድ ልብስ አያስፈልገውም።

በማግስቱ ከሰዓት አለቀ። ከሞላ ጎደል ሁሉም ተነበበ። ፋይሎቹን ያወጣነው ከታመመው ዲስክ ሳይሆን ከግልባጩ ነው፤ ግልባጭ ላይ ቢሳሳቱ ሌላ ግልባጭ አለ። ያልተመለሱም አሉ። የእህቱ ሠርግ ቪዲዮ ሙሽራዋ ከቤት ልትወጣ ስትል ይቆማል። አንዳንዶቹ ፎቶዎች ላያቸው ደህና ሆኖ ታችኛው ግማሻቸው ግራጫ ነው።

ማታ የወዳጃችን እናት ላፕቶፑ ፊት ተቀመጡ። የጣሪያውን ሳርና የአጥሩን አቀማመጥ እያዩ የማን ቤት እንደሆነ አንድ በአንድ ይነግሩናል። ግማሹ ግራጫ የሆነው ፎቶ ላይ ሲደርሱ ልጃቸው «ይሄ ተበላሽቷል እማ» ብሎ ሊያልፈው ሲል እጁን ያዙት። «ቆይ ልጄ፤ እዚህ ታች የገብሱ አውድማ ነው። ከአውድማው ወዲህ ምንጭ አለች» አሉና በጣታቸው ግራጫው ላይ መንገዱን ሰመሩልን። ከመሀላችን አንዱ ወረቀት አንስቶ ጻፈው። ወዳጃችን ፎቶዎቹን አንድ በአንድ እያስገመገመ የእናቱን ቃል በስልኩ መቅዳት የጀመረው ከዚያ ማታ ወዲህ ነው።

ገዳይ መላዎች

አሁን ደግሞ ያላደረግናቸውን እንቁጠር፤ ምክንያቱም ሠፈራችሁ ውስጥ አንድ «ኮምፒውተር አውቃለሁ» ባይ እነዚህን ሳይመክራችሁ አይቀርም።

«ፍሪዘር ውስጥ አሳድረው» ይላል አንዱ። ሲወጣ ሳህኑ ላይ ጤዛ ይሠራል፤ ራሱ በውሃ ላይ ሊንሳፈፍ ነው። «ቼክ ዲስክ አስኪድለት» ይላል ሌላው። ቼክ ዲስክ የተሠራው የፋይሎችን መዝገብ ለማስተካከል እንጂ የሚሞት ዲስክን ለማዳን አይደለም፤ ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር እያስሮጠ ይጨርሰዋል። ፎርማትና ዲፍራግም የዚያው ዘመዶች ናቸው። «ልክፈተውና ራሱን ላላቅቀው» የሚለው ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። ናኖሜትር ላይ የሚንሳፈፍ ነገር ቡና በሚጠጣበት ጠረጴዛ ላይ ሲከፈት ማየት፣ ቀዶ ሕክምና በአውቶብስ ተራ ሲካሄድ እንደማየት ነው።

ዲስኩ ጭራሽ ካልተነሳ፣ ወይም ድምፁ ከጠቅታ ወደ ፍጭት ከተቀየረ፣ በቤት ውስጥ የሚሠራ ነገር አልቋል። ነቅላችሁ አስቀምጡት። ጠፍቶ የተቀመጠ ዲስክ አይብስበትም። ከአቧራ በጸዳ ክፍል የሚሠራ ባለሙያ እስኪገኝና ገንዘቡ እስኪሟላ ይቆያል። ሊኑክሱም ዲዲረስኪውም ለማይሆንላችሁ፣ ዲስኩ ግን ገና ለሚነበብላችሁ፣ ቢያንስ ቅደም ተከተሉን አክብሩ፦ መጀመሪያ ትንንሾቹንና የማይተኩትን፣ ፎቶውን፣ ጽሑፉን፣ የድምፅ ቅጂውን። ፊልሙ ሌላ ሰው ጋ አለ፤ የእናታችሁ ፎቶ ግን የለም።

አንድ ዓይን ያለው…

እስካሁን ያወራነው ስለ ማዳን ነው። ማዳን ግን ዕድል ነው። የሚያዋጣው የአባቶች ተረት ነው፦ አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም። የጊች ፎቶዎች አንድ ዓይን ብቻ ነበራቸው፤ ያቺም ጠቅ ጠቅ ትል ነበር።

ይህ ለኛ አገር አዲስ ዕውቀት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያ ብራናዎችን በማይክሮፊልም የማንሳት ሥራ ተጀምሮ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ የገዳማትና የአድባራት መጻሕፍት ፎቶ ተነሱ። ፊልሙ አዲስ አበባ ብቻ አልቀረም፤ አንድ ቅጂ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ድረስ ተሻግሮ ተቀመጠ። እ.ኤ.አ. በ2021 ያረፉት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዘመናቸውን የሰጡት እነዚያን ፊልሞች ለማንበብና ለመመዝገብ ነው። አንዱ ቦታ ላይ እሳት ወይም ጦርነት ቢመጣ ሌላው ቦታ ላይ አለ። አጎራባቿ ዳባትም ምስክር ናት፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕዝብና ጤና ክትትል እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ እዚያ ሲመዘገብ ቆይቷል። በዚያ ዓመት የተገዛ ሃርድ ዲስክ ዛሬ ድረስ ይሠራል ብሎ መተማመን አይቻልም፤ ይህን ያህል ዕድሜ ያለው መረጃ የሚኖረው ከዕቃ ወደ ዕቃ፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲሻገር ብቻ ነው።

ባለሙያዎቹ ይህንኑ በሦስት ቁጥር ጠቅልለውታል፦ 3፣ 2፣ 1። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ፣ አንዱ ሌላ ቦታ። ፒተር ክሮው የተባለው ፎቶ አንሺ ነው እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ ያስለመደው። «ክላውድ ላይ ጫነው» የሚለው ምክርም ጥሩ ነው፤ ኢንተርኔቱ ካለ። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ ሰማዩ ላይ የተቀመጠው ሁሉ ሰማይ ላይ ቀርቶ ነበር። ስለዚህ ክላውዱ ሦስተኛ ቅጂ ይሁን እንጂ ብቸኛ ቅጂ አይሁን። ከመንገድ ዳር በርካሽ የሚሸጠውን «2 ቴራባይት» ፍላሽም እንደ ቅጂ አትቁጠሩት፤ ብዙው የውሸት ነው፤ ሲሞላ የበፊቱን በአዲሱ እየደመሰሰ «ተገልብጧል» ይላችኋል። ያስቀመጣችሁትን መልሳችሁ ከፍታችሁ እዩ። ተከፍቶ ያልታየ ባክአፕ ባክአፕ አይደለም።

የጊች ፎቶዎች ዛሬ ሦስት ቦታ ናቸው። አንዱ ደባርቅ ወዳጃችን ቤት፣ አንዱ ጎንደር አጎቱ ዘንድ፣ አንዱ ውጭ አገር ያለች የአክስቱ ልጅ ጋ። ወጪው ሁለት ተጨማሪ ዲስክና አንድ የጉዞ ዕድል ነው። ከዚያ በላይ ምንም አልፈጀም።

እናንተስ? ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ይህ ላፕቶፕ ነገ ባይነሳ የማይተካው ነገር የቱ ነው? ብዙ ጊዜ ትንሽ ነገር ነው፤ አንድ ፎልደር፣ አንድ ፍላሽ የማይሞላ። እሱን ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጡት፤ ያንን ዲስክም እሑድ ስትሄዱ እናታችሁ ቤት አኑሩት። ጠቅታውን የሰማችሁ ካላችሁ ደግሞ ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ አቁማችሁ ንቀሉት።

ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ። ቸር ሰንብቱ!